የደረቁ ወር ሒሳብ
ስለ ኃይል አቅርቦት፣ ስለ ነፋስና ስለ ካሉብ ጋዝ በአቃቂ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያና በ2018 ዓ.ም. መግቢያ፣ በሃያ ሦስት ቀን ልዩነት፣ ሁለት ታላላቅ ምረቃዎች ተካሂደዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ያመርታል የተባለው ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሥራ መጀመሩ ተበሠረ። ሁለቱም ደስ የሚያሰኙ ናቸው፤ ደስታውን ለመቀነስ አልመጣሁም። ይሁን እንጂ በምረቃ ቀን የሚነገር ቁጥር ውኃው ሞልቶ፣ ማሽኑ አዲስ ሆኖ፣ ሁሉም ነገር ሲሟላ የሚገኘውን ልክ የሚናገር ነው። እዚህ አቃቂ ላለ ወፍጮ ቤት ወይም የብረት ፋብሪካ አቅርቦት ማለት ሌላ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት፣ ግድቦች ጎድለው ክረምቱ ገና ሳይገባ፣ በምሽቱ የጭንቅ ሰዓት ሽቦው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ኃይል ነው። የሀገር የኃይል ፖሊሲ መለካት ያለበት በዚህ በደረቁ ወር ሒሳብ ነው እላለሁ። በዚህ ሒሳብ ከሄድን የካሉብ ጋዝ ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰም፣ ከሚያስቡት የበለጠም ሆኖ ይገኛል። ያነሰ የምለው በመጠኑ ነው፤ የበለጠ የምለው በሕግ ከተገራ ለክፉ ቀን ሊያገለግል ስለሚችል ነው።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ አባ ሳሙኤልን እንመልከት። የአቃቂ ወንዝ ተጠራቅሞ የሚወርድበት ይህ ማመንጫ በሀገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር፤ ግን በጊዜው ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሥራ አቁሞ ከአርባ ዓመት በላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ እንደገና ማመንጨት የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ወንዙ አልደረቀም፤ ከላይ ከከተማው ደለልና ቆሻሻ ይዞ መውረዱን ቀጠለ፣ ሐይቁም በደለል ተሞላ፣ እምቦጭ ለበሰ። የማመንጫው አቅም በመዝገብ ላይ 6.6 ሜጋ ዋት እንደሆነ ነበር፤ አቅርቦቱ ግን ዜሮ። ልዩነቱ የተፈጠረው በጥገናና በተፋሰስ እንክብካቤ ጉድለት ነው፤ ይህ ደግሞ የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ከአባ ሳሙኤል በኋላ የመጣውና በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብም ከደለል ጋር እየታገለ ነው የሚኖረው። ግድብ ሲሠራ ጭብጨባ አለ፤ የላይኛው ተፋሰስ እርከን ሲሠራ ግን የሚያጨበጭብ የለም።

አቃቂ ላይ ሆኖ ስለ ኃይል ለሚያወራ ሰው ሽቦውን መዝለል አይቻልም። ከግልገል ጊቤ ሦስት በወላይታ ሶዶ በኩል የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር መድረሻው እዚሁ አካባቢያችን ነው፤ ማከፋፈያ ጣቢያው ከአንዳንዶቻችን ቤት በዓይን ይታያል። እንዲያም ሆኖ ከጣቢያው ሥር ያለ ሰፈር መብራት ይሄድበታል። ወፍጮ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሲጎድል አምፖሉ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ የወፍጮው ሞተር ግን ያጓራል እንጂ አይዞርም፤ ባለቤቱ ቶሎ ካላጠፋው ደግሞ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ጤፍ ይዞ ለተሰለፈው ሰው በዚያ ሰዓት የሀገሪቱ ሜጋ ዋት ምንም አይፈይድለትም። የአቃቂ የጉድጓድ ውኃም እንዲሁ ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ ከፍ ወዳለው ወደ ከተማው የሚገፋው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሆነ፣ እዚህ ኃይል ሲቋረጥ ሌላ ሰፈር ቧንቧው ይደርቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ላስቀምጥ፤ ቀጥዬ የምናገረው ስለ ጋዝና ስለ ነፋስ ቢሆንም፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚቀይር ጋዝ የለም። የስርጭት መስመር ችግር የራሱ ገንዘብና የራሱ ሰው ይፈልጋል። የደረቁ ወር ችግር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ መስመሩ ሁሉ ቢታደስ እንኳ አይጠፋም።

ግንቦት 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በወቅቱ የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ስለሺ በቀለ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ መቀነሱን፣ ሀገሪቱ 476 ሜጋ ዋት እንደጎደላት ተናገሩ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ። ለሱዳን የሚሸጠው ተቋረጠ፣ ለጅቡቲ የሚሄደው ተቀነሰ፣ ፋብሪካዎችም ተራ ገቡ። ልብ በሉ፤ ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሀገሪቱ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ስለሚገኝ፣ ዝናብ ሲያጥር ሁሉም በአንድ ላይ ይጎድላል። ጉድለቱ የሚመጣበት ወቅት ደግሞ ከፍጆታው ጋር ይጋጫል። ፋሲካ ሁልጊዜ የሚውለው ክረምት ሳይገባ፣ ግድቦች ዝቅ ባሉበት ጊዜ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ መቶ ሺህ ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢሰካ 350 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ በ2011 ሀገሪቱን በፈረቃ ያስገባት ጉድለት ሦስት አራተኛ ማለት ነው። አሁን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ፣ ኃይል በብዛት የሚስቡ የዳታ ማይኒንግ ድርጅቶች ተጨምረው፣ ከዚህ ከጎናችን ካለው ከእንዶዴ ጣቢያ የሚነሳው ባቡርም በኤሌክትሪክ እየሄደ፣ ይህ ሒሳብ እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም።

በጋ ላይ ውኃ ሲያንስ የሚበረታ ነገር አለን፤ ነፋስ። ባሕር ያላቸው ሀገሮች፣ ከዴንማርክ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ የነፋስ ማማቸውን ወደ ባሕር አውርደዋል፤ ባሕር ላይ ነፋሱ ጠንካራና የማያቋርጥ ነውና። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ዳርቻ የለንም፤ ግን የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ አለን። ከዚህ ከመቶ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት አዳማ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ ትግራይ ውስጥ አሸጎዳ ላይ 120 ሜጋ ዋት ተተክሏል፤ ዴንማርክም ባሕር ላይ የተማረችውን ይዛ የአሰላውን 100 ሜጋ ዋት ፕሮጀክት በገንዘብ ደግፋለች። የአዳማ ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ የሚደክመው በክረምት ነው። በበጋ ነፋሱ ያመነጨውን ያህል ውኃ ግድብ ውስጥ ይቆይና ለሚያዝያ ይተርፋል። ስለዚህ ነፋስ ለእኛ ከግድቡ ጋር የሚፎካከር ሳይሆን ግድቡን የሚያቆይ ነው። ይህን ያህል ጥቅም ካለው ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ዋናው መልስ ዋጋ ነው። የግል ባለሀብት ሃያ ዓመት የሚቆይ የግዢ ውል ይፈልጋል፤ ገዢው መንግሥታዊ ድርጅት ደግሞ ለረጅም ዘመን ከወጪ በታች በሆነ ታሪፍ ሲሸጥ የኖረ ነው። እንግሊዞች በዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ሰጥተውናል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጨረታ የባሕር ላይ ነፋስ የዋጋ ጣሪያ በሜጋ ዋት ሰዓት 44 ፓውንድ ስለተደረገ አንድም ተጫራች አልቀረበም። በሚቀጥለው ዓመት ጣሪያውን ወደ 73 ሲያነሱት ተጫራቾች ተመለሱ። ነፋሱም፣ ባሕሩም፣ ብረቱም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የመንግሥት ደንብ አንድ መስመር ነው። የእኛም ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እንደገናም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው እንዲያድግ መደረጉ ኪስ ይጎዳል፤ ቢሆንም ለአቅመ ደካማው ልዩ ጥበቃ ተደርጎ እስከቀጠለ ድረስ ከፈረቃ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። አስቀድሞ፣ የካሉቡ ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን ነው፤ ቤታችን በሲሊንደር የምናስገባው ቡታ ጋዝ ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚህ ካሉብ ስለተመረቀ ሲሊንደር ይረክሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ባይጠብቅ ይሻላል። ሜቴን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፣ መጠኑም ወደ አንድ ስድስት መቶኛ ይወርዳል፤ በቦቴ ማመላለስ የሚቻለውም ለዚህ ነው። 111 ሚሊዮን ሊትር ሲባል ብዙ ይመስላል። እስቲ እናስላው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ 0.45 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጠቅላላው ወደ 50 ሺህ ቶን ይሆናል። ይህን ሁሉ በጥሩ ማመንጫ፣ ግማሹ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለወጥበት ማሽን ብናቃጥለው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሰጠን በአማካይ 40 ሜጋ ዋት ያህል ነው፤ ከሕዳሴ ግድብ አቅም አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ጋዙ ያነሰ ነው ያልኩት ይህን ነው። ግን ታቅዷል የተባለው ሁለተኛ ምዕራፍ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው። በዚያው ሒሳብ 470 ሜጋ ዋት ገደማ ይመጣል። በ2011 የጎደለን 476 ነበር። ይህ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፣ ትንቢት አላደርገውም፤ የጋዙን ልክ ለማየት ግን ይረዳል። የሀገሪቱን ግድቦች የሚተካ አይደለም፤ አንድ ደረቅ ዓመት ሊሸፍን ግን ይበቃል።

እንዲያው ማመንጫ ተክለን ጋዙን ለድርቅ ብቻ ብናስቀምጠውስ? አያዋጣም። በአምስት ወይም በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ችግር ጉድጓድ፣ ማቀዝቀዣና ቱቦ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ወጪው ይከመራል። ጋዝ ገንዘብ የሚመልሰው ዓመቱን ሙሉ የሚገዛው ሲያገኝ ነው። ያ ገዢ ደግሞ ታውቋል፤ ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በመተባበር ጎዴ ላይ መሠረቱ የተጣለው፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደው የማዳበሪያ ፋብሪካ። ገበሬያችን በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛለትን ማዳበሪያ እዚህ ማምረት፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም የጋዝ አጠቃቀም የሚበልጥ ነው። በዓለም ካሉ ፋብሪካዎች ልምድ አንድ ቶን ዩሪያ ከ20 እስከ 25 ሺህ ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ይፈጃል፤ ለ3 ሚሊዮን ቶን በዓመት ከ60 እስከ 75 ቢሊዮን መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. በይፋ የተገለጸው የክምችት ግምት 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ስለሆነ፣ ፋብሪካው በሠላሳ ዓመት ከዚህ ሩብ ወይም ሲሶ ገደማውን ይወስዳል፤ መሬት ውስጥ የተገመተው ሁሉ እንደማይወጣም መዘንጋት የለበትም። ከዚህ ቀጥሎ እንደ አቃቂ ያሉ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች አሉ። የጨርቃ ጨርቅ፣ የምግብና የብረታ ብረት ፋብሪካ ከመብራት ሌላ እንፋሎትና ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን የሚያገኘው በጅቡቲ ከመጣ ጥቁር ናፍጣ ወይም፣ እንደ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች፣ ከድንጋይ ከሰል ነው። በቦቴ የሚመጣ ጋዝ ይህን ሊተካ ይችላል።

ታዲያ ሕጉ የት አለ? የነዳጅ ሥራዎችን የሚገዛው መሠረታዊ ሕግ በ1978 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 295 ነው። ለዘመኑ ጥሩ ሕግ ነበር፤ የተጻፈው ግን ፍለጋና ቁፋሮን፣ በመንግሥትና በአንድ ኩባንያ መካከል የሚፈረም ውልን በዋነኛነት እያሰበ ነው። ጋዙ ወጥቶ ሲሸጥ ማን ይቅደም፣ በምን ዋጋ፣ በክፉ ጊዜ ማን ይቁረጥ ለሚሉ ጥያቄዎች የተዘጋጀ አይደለም። እነዚህ ጥያቄዎች በሕግ ሳይመለሱ በውል ሲመለሱ የሆነውን የካሉብ ታሪክ ይናገራል። ጋዙን በ1960ዎቹ አጋማሽ ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ አገኘው፤ አብዮቱ መጣ። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ መንግሥቱ ወደቀ። ካሉብ ጋዝ የሚባል አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ ሳያመርት ቀረ። የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፣ ሄደ። ፔትሮትራንስ በ2003 ዓ.ም. ፈርሞ በዓመቱ ተሰረዘበት። ፖሊ ጂሲኤል በ2006 ዓ.ም. ፈረመ፣ በ2010 ዓ.ም. ሰኔ የድፍድፍ ዘይት ሙከራ አሳየ፣ ወደ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቱቦ ታቀደ፣ በ2015 ዓ.ም. መባቻ ፈቃዱ ተነጠቀ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ውል ስንፈርምና ውል ስናፈርስ ኖርን። እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱ ችግር ነበረበት፤ ግን ሁሉም የገቡበት ቤት ጣሪያ አልነበረውም።

ግድቡ ይበቃናል የሚል ወገን አለ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ሕዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ስለሚይዝ የአንድን ዓመት የዝናብ ጉድለት ከሌላው ዓመት ትርፍ ሊያቻችል ይችላል፤ ጊቤ ሦስት ካለበት ከኦሞ ተፋሰስ የተለየ ወንዝ ላይ መሆኑም መልካም ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም የሀገር አቅም ግማሽ ያህሉ በአንድ ግድብ ላይ ሲቀመጥ፣ ኃይሉም በደዴሳ በኩል ሆለታ በሚደርሰው ረጅም መስመር ላይ ሲደገፍ፣ አንድ ብልሽት የሚያጠፋው መብራት ያን ያህል ይሰፋል። በዚያ ላይ ለኬንያ፣ ለጅቡቲና ለሱዳን ኃይል እየሸጥን ነው፤ ገዢ ውል ይዞ ሲጠይቅ ዝናብ ጠፋ ማለት በቂ መልስ አይሆንም። በሌላ በኩል ጋዝ አየር ንብረትን ይበክላል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ያልተቃጠለ ሜቴን በሃያ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰማንያ እጥፍ በላይ ያሞቃል። ለዚህ ነው ጋዝ ከጉድጓድ አፍ ላይ በከንቱ እንዳይቃጠል የሚከለክል፣ የሚያፈስ ቱቦ በየጊዜው እንዲለካ የሚያስገድድ ድንጋጌ ገና ምርቱ ትንሽ ሳለ መውጣት ያለበት። ከጥቁር ናፍጣና ከከሰል ጋር ሲነጻጸር ግን፣ ካላፈሰሰ፣ ጋዙ ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው የውጭ ምንዛሪ ክርክር ነው፤ ጋዙን ወደ ውጭ ሸጠን ዶላር ብናመጣስ ይባላል። ግብፅ ይህን ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ፈሳሽ ጋዝ መላክ ጀመረች፤ የሀገር ውስጥ ፍጆታዋ እያደገ ምርቷ እየቀነሰ ሄደና በ2015 ራሷ ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ማስገባት ጀመረች። ከግብፅ ጋር በብዙ ነገር አንስማማ ይሆናል፤ ከዚህ ግን መማር ይቻላል። በሀገር ውስጥ የተመረተ ማዳበሪያና የተተካ ናፍጣም የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከመውጣት የዳነ ዶላር ከገባ ዶላር አያንስም። ታንዛኒያ የሶንጎ ሶንጎ ደሴትን ጋዝ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በቱቦ ወደ ዳሬሰላም አምጥታ ኤሌክትሪክ ታመነጭበታለች፤ ወንዞቿ ሲጎድሉ ሸክሙን የሚጋራላት ያ ጋዝ ነው። ጥብቅ ሕግ ባለሀብት ያሸሻል የሚለውን ደግሞ የካሉብ ታሪክ ራሱ መልሶታል፤ ልል በሆነው ዘመን የመጡት አልቆዩም። ካሉብ ሰው አልባ ምድር አለመሆኑም አይረሳ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በዚያው ክልል አቦሌ ላይ በነዳጅ ፍለጋ ካምፕ በተፈጸመው ጥቃት ከሰባ በላይ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ሞተዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 የጋዝን የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ ለፌዴራሉና ለክልሉ በጋራ ሰጥቷል፤ ጉድጓዱ አጠገብ የሚኖረው አርብቶ አደር ግን ድርሻውን በውኃ፣ በክሊኒክና በመንገድ ማየት አለበት። የአካባቢው ሰው ያልተቀበለው ቱቦ ለድርቅ መተማመኛ አይሆንም።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ የድርቅ አንቀጽ ልበለው። ሊወጣ በሚገባው የጋዝ ሕግ ውስጥ እያንዳንዱ ትልቅ ገዢ፣ ማዳበሪያ ፋብሪካውም ጭምር፣ ከሚወስደው ጋዝ የተወሰነውን እጅ ሊቋረጥ በሚችል ውል ይግዛ፤ ለዚያ እጅ የሚከፍለው ዋጋ ቅናሽ ይኑረው። ጋዙ ባለበት አካባቢ መጠነኛ ማመንጫ ይተከልና በዋናው መረብ ይያያዝ። በየዓመቱ መስከረም ማብቂያ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በዋና ዋና ግድቦች ያለው የውኃ ከፍታ በይፋ ይታተም፤ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ አንቀጹ በራሱ ይሥራ፣ ጋዙም ከየካቲት እስከ ሰኔ ወደ ማመንጫው ይዙር። ውሳኔው ለሚኒስትር ስልክ ወይም ለኩባንያ በጎ ፈቃድ የሚተው መሆን የለበትም፤ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በታተመው ቁጥር ብቻ ያስፈጽመው። ዩሪያ ፋብሪካው የአራት ወር ማስጠንቀቂያ ስለሚያገኝ ጥገናውን በዚያ ጊዜ ማድረግ፣ ቀደም ብሎም ማከማቸት ይችላል። ነፋሱ በተጨመረ ቁጥር አንቀጹ የሚሠራባቸው ዓመታት ይቀንሳሉ። ወጪው የቅናሹና የማመንጫው ኪራይ ነው፤ ይህም ከታሪፍ ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ ስንት ሳንቲም በኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚሆን ደግሞ በሕዝብ ፊት ይሰላ። ሁለተኛው ምዕራፍ ጋዝ ማምረት ከጀመረ፣ ሁሉም ገዢ ቋሚ ውሉን ከያዘ በኋላ ግን አንቀጹን ማስገባት ውል ማፍረስ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ስንሠራው ኖረናል።